«ቀረሶ» የትኛው ዓሣ ነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ስለሆነች ዓሣ አጥማጅ የላትም። ዓሣው ግን በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከሐይቅ ከተማ እየተጫነ ይገባል፤ ቁልቁል ወርዶም ኮምቦልቻ ይደርሳል። ዓሣው በየቀኑ የሚመጣውን ያህል ስሙ አብሮ በደንብ አልደረሰም። ሻጩ በአንድ ስም ይጠራዋል፣ ምግብ ቤቱ በሌላ ይጽፈዋል፣ ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ደግሞ ሁለቱንም ሰምቶ ግራ ይጋባል። ከዚህ በታች ያሉት ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከምግብ ቤት ባለቤቶች በተለያየ ጊዜ የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ቀረሶ የሚባለው የትኛው ዓሣ ነው?

ጠፍጠፍና ሰፋ ያለ ሰውነት ያለው፣ በቅርፊት የተሸፈነ፣ ጀርባው ላይ ከአንገቱ አንሥቶ እስከ ጭራው አካባቢ የሚዘልቅ አንድ ረጅም ክንፍ ያለው ዓሣ ነው። የክንፉ የፊተኛው ክፍል በእሾህ የተደገፈ ነው፤ እሾሁም አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ይደርሳል፤ ዓሣውን ያለ ጥንቃቄ የጨበጠ ሰው ሳይቆጥረውም ያውቀዋል። ከሌላ ዓሣ ለመለየት የሚቀለው ምልክት ግን ጭራው ነው። ጭራውን በጣት ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ጥለት ተደርድረው ይታያሉ። የሳይንስ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ሲሆን በብዙ አገር የናይል ቲላፒያ ይባላል።

«ቀረሶ» ነው ወይስ «ቆሮሶ»? የትኛውን ብል ነው ትክክል የምሆነው?

ሁለቱም ያው ዓሣ ነው። በጣና ዙሪያ «ቀረሶ» የሚለው አነጋገር ጎልቶ ይሰማል፤ በዝዋይና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ደግሞ «ቆሮሶ» ይላሉ። የዓሣ ንግድ ሰዉን ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውር ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አፍ ላይ ይገናኛሉ፤ «ቆረሶ» የሚል ሦስተኛ አጻጻፍ የሚታየውም ጸሐፊው በሁለቱ መካከል ሲያመነታ ይመስለኛል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ቀረሶ»ን የያዝኩት አንዱን መምረጥ ስለነበረብኝ እንጂ ሌላው ስሕተት ስለሆነ አይደለም። አንዱን ይዞ ሌላውን «ተሳስተሃል» ብሎ ማረም ተገቢ አይመስለኝም። ማረም የሚገባው ስሙ ለሌላ ዓሣ ሲሰጥ ነው።

ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው? ከ«ቆረሰ» የመጣ ነው?

ቀረሶ የዚያ ዓሣ መጠሪያ ነው፤ እንደ «ነጭ ዓሣ» መልኩን ወይም ጠባዩን የሚገልጽ ስም አይደለም። «ቆረሰ» ከሚለው ግሥ ጋር በድምፅ መቀራረቡን አይተው «በእጅ እየተቆረሰ የሚበላ ስለሆነ ነው» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ሐሳቡ ለጨዋታ ያምራል፤ ሆኖም በድምፅ መመሳሰል ላይ ብቻ የተመሠረተ ፍቺ የትኛውንም ቃል ወደ የትኛውም ቃል ሊያደርስ ይችላል፤ ደግሞስ በእጅ ተቆርሶ የማይበላ ዓሣ የትኛው ነው?

ምግብ ቤት ገብቼ «ዓሣ» ብዬ ሳዝ የሚመጣልኝ ቀረሶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎን፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ የስሙ ጉዳይ ቁም ነገር የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ «ዓሣ» የሚለው ቃል ያለ ተጨማሪ ሲነገር በሰሚው አእምሮ የሚመጣው ተዘልዝሎ በዘይት የተጠበሰ ሙሉ ቀረሶ ነው። ሌላው ዓሣ ግን በስሙ ይጠራል፤ አምባዛ «አምባዛ» ይባላል እንጂ ዝም ብሎ «ዓሣ» አይባልም። ይህ ልማድ ገበያ ላይ ችግር የለበትም፤ ገዢው ዓሣውን በዓይኑ እያየ ነውና። በሳህን ላይ ግን፣ በተለይ ጉላሽ፣ ዱለት ወይም ኮተሌት ሲሆን፣ ቅርፊቱም ጭራውም ጠፍቶ ስሙ ብቻ ይቀራል።

አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ጊዜው ጾም ነበር፤ እሷም ዓሣ ከሚፈቅዱት ወገን ናት። የዓሣ ጉላሽ አዘዘች። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከበላች በኋላ ሥጋው ወዙ ስለበዛባት አስተናጋጁን ጠርታ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ቅርፊት ያለው ነው?» ስትለው፣ ልጁ ክፋት ሳይኖርበት «አብሽሩ እማማ፤ ዓሣ ዓሣ ነው፤ አምባዛም ቢሆን ጣፋጭ ነው» አላት። አክስቴ እጇን ከማዕዱ አነሣች። ቁጣም ክርክርም አልነበረም፤ ውሃ አስመጥታ እጇን ታጠበችና እኔ እስክጨርስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። ልጁ አልዋሸም፤ አምባዛም ዓሣ ነው። የተጻፈው ምናሌ ግን ለእሷ የሚያስፈልጋትን ቃል አላስቀመጠም ነበር።

አምባዛ ከቀረሶ በምን ይለያል? ለምንስ አንዳንዱ ሰው አይበላውም?

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ልሙጥና አንሸራታች፣ ጭንቅላቱ ከላይ እንደተጫኑት ጠፍጣፋ፣ አፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ረጃጅም ጢሞች ያሉት ዓሣ ነው። ከውሃ ከወጣም በኋላ ቶሎ አይሞትም፤ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው እርጥበት ካላጣ ለሰዓታት ይቆያል። ገበያ ላይ ጆንያ ሲንቀሳቀስ አይቶ የደነገጠ ሰው ካለ፣ ያየው አምባዛ ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ቀረሶ እስከዚያ ሰዓት አይቆይም።

የማይበሉት ሰዎች ምክንያት በአብዛኛው ሃይማኖታዊ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ከሚኖሩት መካከል ክንፍና ቅርፊት ያላቸው እንዲበሉ፣ የሌላቸው ግን እንዳይበሉ ያዝዛል። ይህንን ሥርዓት የሚጠብቁ ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቀረሶን ይበላሉ፣ አምባዛን ግን አያስገቡም። ለእነርሱ «ቀረሶ» የሚለው ቃል የጣዕም መግለጫ አይደለም፤ የሚበላና የማይበላ የሚለይበት ድንበር ነው። ዓሣ በጾም ወራት ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱን ለንስሐ አባት ማቅረብ ይሻላል።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ዓሣን አንድ ላይ መብላት ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ይህም ደሴን ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ሥጋ በእኛ ከተማ ባራጁ ሃይማኖት ስለሚለይ የሙስሊም ሥጋ ቤትና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ አብሮ አደግ ጓደኛሞች ምሳ ለመብላት ሲወጡ ሽሮ ወይም በያይነቱ የሚያዝዙት ብዙ ጊዜ ስለዚህ ነው። ዓሣ ግን አይታረድም። በእስልምና የውሃ ዓሣ ያለ እርድ ሐላል በመሆኑ፣ ማን አጠመደው ማን አረደው የሚል ጥያቄ አይነሣም። ስለዚህ ሠርግ ወይም ዱዓ ባይሆንም፣ ሁለቱ ወገን በአንድ ሳህን እጁን የሚያሳርፍበት ምግብ ዓሣ ነው። ሳህኑ ሁሉንም እንዲያበላ ከተፈለገ ቀረሶ ማዘዝ ይመረጣል፤ ሙስሊሙ አምባዛንም ይበላል፣ ክርስቲያኑ ግን ላይበላው ይችላል። በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ምሳ ሲዘጋጅ «ዓሣ» ብሎ ያዘዘ ሰው ግማሹን ሳህን ሳይነካ ሲመለስ ያየ እንደሆነ፣ የጎደለችው አንዲት ቃል ናት።

ተገፍፎና ተቆራርጦ ሲሸጥ ቀረሶ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሙሉውን ዓሣ ማየት ከተቻለ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም። ካልተቻለ የሥጋውን ቀለም ማየት ይጠቅማል፤ የቀረሶ ፊሌቶ ነጣ ያለ፣ መካከሉ ላይ ቀላ ያለ ፈትል ያለው ሲሆን፣ የአምባዛው ጠቆር ወይም ቀላ ያለና ወዛም ነው፤ ቁራጩም ከረዘመ ሰውነቱ የተነሣ ረጅም ይሆናል። ሲበስል ቀረሶ በቅጠል በቅጠል ይለያያል።

ቅርፊት ያለው ሁሉ ቀረሶ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ካርፕ፣ በአንዳንድ ቦታ «ዱባ» የሚሉት፣ ትላልቅ ቅርፊት አለው፤ ወርቃማ መልክና በአፉ ጥግ አጫጭር ጢሞች ይታዩበታል። የሚበላው ሰው ግን በጣዕሙ ከማወቁ በፊት በአጥንቱ ያውቀዋል፤ በሥጋው መካከል የተሰገሰጉ መንታ ጫፍ ያላቸው ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። የቀረሶ አጥንት ከአከርካሪውና ከጎድኑ ጋር ተያይዞ ስለሚወጣ ለልጅ ለማጉረስ ይቀላል። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው አባባል ለሁለቱም ይሠራል፤ ለካርፕ ግን ብልሃቱ እጥፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓሣ የሚያዘጋጁ ሴቶች ቀረሶን ከጭራው ይዘው ቢላውን ወደ ራሱ አቅጣጫ ሲገፉት ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዳቸው ላይ ይለጠፋል፤ ደርቆ ሲያንጸባርቅ ከሩቅ ሲያዩት የአምባር ፈርጥ ይመስላል። ይህን ያየሁበት ቦታ «ምን ዓሣ ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ቀረሶ ከጥንት ጀምሮ በሐይቅ ከተማው ሐይቅ ውስጥ የነበረ ዓሣ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚገረመውም በዚህ ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ ቀረሶ የራሱ ተፈጥሯዊ መኖሪያ አለው። በሐይቃችን ግን ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው፤ ይኸውም በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተደረገ ሥራ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሲያደራጁ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ለሰባት መቶ ዓመታት መነኮሳቱ ውሃውን ሲመለከቱ፣ ዛሬ «የሐይቅ ዓሣ» የምንለው ዓሣ በውስጡ አልነበረም።

ይህ ለስሙም ትርጉም አለው። ዓሣው በሰው እጅ የመጣ እንደመሆኑ ስሙም አብሮ የተጓዘ ነው፤ ቀረሶ የሚለው ቃል ዓሣው ቀድሞ ከሚታወቅባቸው ሐይቆች ወደ እኛ የተሻገረ መጠሪያ ነው። በአካባቢያችን በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ዓሣ» ብቻ ብለው የሚያልፉት፣ ልጆቻቸው ደግሞ ስሙን ለይተው የሚጠሩት ከዚህ የተነሣ ቢሆን አይደንቀኝም። የዓሣው መጨመር ውሃውንም ቀይሮታል፤ ቀድሞ በጥልቀት የሚያሳየው ውሃ ጥራቱ መቀነሱንና ከዓሣው መምጣት ጋር በውሃው ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ ነፍሳት መለወጣቸውን ያጠኑ ባለሙያዎች ጽፈዋል።

የጣና ቀረሶና የሐይቅ ቀረሶ አንድ ናቸው?

ዝርያው አንድ ነው። ይሁንና ተመራማሪዎች በውስጡ ንዑስ ዝርያዎችን ይለያሉ፤ የጣናው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ በሐይቁ ስም ተሰይሟል፤ የስምጥ ሸለቆዎቹና የአዋሹ ሌላ መጠሪያ አላቸው። ይህ ለሳይንስ እንጂ ለድስት የሚያመጣው ልዩነት የለም። «የጣናው ይጥማል፣ የሐይቁ ይጥማል» የሚለው ክርክር የወሎና የጎጃም ሰው የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ ጣዕሙን የሚወስነው ይልቁንም ዓሣው ከውሃ ከወጣ ስንት ሰዓት እንደሆነው ነው። ከሐይቅ ደሴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን።

ቲላፒያና ቀረሶ የተለያዩ ናቸው? ምናሌው ላይ ሁለቱም ተጽፈው አይቻለሁ።

አንድ ዓሣ ናቸው፤ ሁለት ዋጋ ተጽፎባቸው ከሆነ ምክንያቱን ባለቤቱን መጠየቅ ነው። የ«ቲላፒያ» ታሪክ ግን መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው የፈረንጅ ቃል አድርጎ ስለሚያየውና ከ«ቀረሶ» የከበረ ስለሚመስለው። ቃሉን የሳይንስ መጠሪያ ያደረገው አንድሩ ስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1840 ነው፤ ያገኘው ደግሞ ከደቡባዊ አፍሪካ ከጽዋና ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ትልሃፒ» ማለት ዓሣ ማለት ነው፤ በቃ፣ ዓሣ። ደሴ ላይ «ዓሣ» ብለን ቀረሶን የምናስበውና በዓለም ገበያ «ቲላፒያ» የሚባለው ቃል የተሠራበት መንገድ አንድ ነው፤ ሁለቱም የተለመደውን ዓሣ በጠቅላላ ስሙ መጥራት ናቸው። ስለዚህ «ቲላፒያ» ብሎ መጻፍ ሳህኑን ውድ እንዲመስል ያደርግ ይሆናል እንጂ ከ«ቀረሶ» የበለጠ የሚናገረው ነገር የለም፤ እንዲያውም የሚናገረው ያነሰ ነው።

የሳይንሱም ስም ቢሆን እንደ ድንጋይ የጸና አይደለም። የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1758 ዓሣውን ከፐርች ወገን ቆጥሮ ሰይሞት ነበር፤ በኋላ ቲላፒያ ኒሎቲካ ተባለ፤ ዛሬ ኦሪዮክሮሚስ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጣና አጥማጅ የዓሣውን ስም መቀየር አላስፈለገውም።

ዐረብ አገር ሳለሁ «ቡልጢ» የሚሉት ዓሣ ነበር። እሱ ነው?

አዎን። በግብፅና በሱዳን ቀረሶን «ቡልጢ» ይሉታል፤ ከወሎ ወደ ዐረብ አገር ሄደው በሰው ቤት የሠሩ ብዙ እህቶቻችን በዚህ ስም አብስለውታል። ወደ ደቡብ ስንወርድ በታንዛኒያ «ሳቶ»፣ በኬንያ በሉኦ ሕዝብ ዘንድ «ንጌጌ» ይባላል።

«ነጭ ዓሣ» የሚባለውስ ቀረሶ ነው?

አይደለም። በዚህ ስም ላይ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እንደ ሐይቁ ትርጉሙ ይለዋወጣል። በአርባ ምንጭ በኩል ነጭ ዓሣ የሚሉት ትልቁን የናይል ፐርች ነው፤ በጣና ዙሪያ ደግሞ ከባርበስ ወገን የሆኑትን፣ በዝዋይ በኩል «ቢልጫ» የሚባሉት የሚዛመዷቸውን ዓሦች ይጠሩበታል። ስለዚህ ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ሁለት ነጋዴዎች «ነጭ ዓሣ» ብለው ቢዋዋሉ፣ አንዱ ሌላውን ሳያታልል ሁለቱም ሊከፋቸው ይችላል። ቀረሶ የሚለው ስም ከሐይቅ ሐይቅ ፊደሉን እንጂ ዓሣውን አይለውጥም።

ቀረሶ ልጆቿን ትበላለች ይባላል። አፏ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ ያየ ሰው አለ።

ያየው እውነት ነው፤ የሰጠው ትርጉም ግን ተገልብጧል። እናቲቱ ዕንቁላሎቿን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትይዛቸዋለች፤ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ታስገባቸዋለች። በዚያ ጊዜ እርሷ ብዙም አትበላም። ጫጩት በአፏ ሳለች የተያዘች ቀረሶ ገበያ ላይ ስትታይ «ልጆቿን ስትበላ ተያዘች» መባሏ ይህችን ዓሣ ክፉኛ ማማት ነው።

ምግብ ቤት ልከፍት ነው። በምናሌ ላይ እንዴት ልጻፈው?

«የቀረሶ ጥብስ»፣ «የቀረሶ ጉላሽ»፣ «የአምባዛ ጉላሽ» ብሎ የዓሣውን ስም ከአሠራሩ ጋር አጣምሮ መጻፍ ይበቃል። ብዙ ቁጥር ማድረግ አያስፈልግም፤ በአማርኛ «ሁለት ቀረሶ ጠብሽልኝ» እንላለን እንጂ «ሁለት ቀረሶዎች» ማለት ጆሮ ይቆረቁራል። «ቆሮሶ» ብለው መጻፍ ከመረጡም ይጻፉ፤ በአንድ ምናሌ ላይ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይያዙ፣ ደንበኛው ሁለት ዓሣ እንዳይመስለው። ሁለቱን ዓሣ በአንድ ዘይት መጥበስ ግን አምባዛ የማይበላውን ደንበኛ ስለሚያስቀይም፣ መጥበሻውን ከመጀመሪያው ለየብቻ መግዛት ያዋጣል፤ አስተናጋጆቹም «ቅርፊት ያለው ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ወደ ወጥ ቤት ሳይሮጡ መመለስ አለባቸው።